ገጠመኝ የሚሸጥበት ከተማ፦ ከምሥራቅ አዲስ አበባ የሚነሣው የተራራ ጉዞና የባለአገሩ ድርሻ

እሑድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ በቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ሁለት ዓይነት ማልዶ ተነሺ ይታያል። አንደኛው ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያቀና ምእመን ነው። ሁለተኛው የጀርባ ቦርሳ ያነገተ፣ ቆብ ያጠለቀ፣ ስልኩን እየተመለከተ የሚሳፈርበትን ኮስተር የሚጠብቅ ወጣት ነው። ይህ ወጣት የባንክ ሠራተኛ፣ የሶፍትዌር ባለሙያ ወይም የአየር መንገድ ባልደረባ ሊሆን ይችላል። መዳረሻውን ያወቀው በቴሌግራም ከወጣ ማስታወቂያ ነው፤ ሒሳቡንም በቴሌብር ወይም በባንክ ዝውውር አስቀድሞ ከፍሏል። የከፈለው ለመጓጓዣ፣ ለቁርስ፣ ለአስጎብኚ፣ ብዙ ጊዜም ለፎቶግራፍ አንሺ ነው። በምላሹ የሚያገኘው የበርካታ ሰዓታት ዳገትና ቁልቁለት፣ ላብ፣ አቧራ ወይም ጭቃ፣ ሰኞ ጠዋት ደግሞ የዛለ ጉልበት ነው።

የገጠሩ ሕዝብ ገበያ፣ ወፍጮ ቤትና ጤና ጣቢያ የሚደርሰው በአመዛኙ በእግሩ በሆነበት አገር፣ ሰው ገንዘብ ከፍሎ በእግሩ መሄዱ ማብራሪያ የሚሻ ነገር ነው። በከተማው ቋንቋ «ሃይኪንግ» የሚባለው ይህ ልማድ ብዙ ጊዜ ከውጭ እንደመጣ ፋሽን ይታያል። ይህ አመለካከት ከፊል እውነት አለው፤ ነገር ግን በቂ አይደለም። የጉዞው ተፈላጊነት ከምሥራቅ አዲስ አበባ አሰፋፈር፣ ከአካባቢው መልክዓ ምድርና ከቆየው የተሳላሚነት ባህል ጋር የተሳሰረ ነው። ከዚህ ይልቅ ብዙም ያልተነሣው ጉዳይ ሌላ ነው፦ ገጠመኙ የሚሸጠው ቦሌ ላይ ሲሆን የሚገኘው ግን በሌላ ሰው መሬት፣ በሌላ ሰው መንገድ ላይ ነው።

የቃሉ ነገር

ጆሴፍ ፓይንና ጄምስ ጊልሞር እ.ኤ.አ. በ1998 በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ባወጡት ጽሑፍ፣ በተከታዩ ዓመትም ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የበለጸጉ አገሮች ኢኮኖሚ ከጥሬ ምርት ወደ ተመረተ ዕቃ፣ ከዕቃ ወደ አገልግሎት፣ ከአገልግሎት ደግሞ ደንበኛው ራሱ ተሳትፎ ወደሚያስታውሰው ክንውን ተሸጋግሯል ሲሉ ተከራከሩ። ይህ አስተሳሰብ በአማርኛ ብዙ ጊዜ «የልምድ ኢኮኖሚ» ተብሎ ይተረጎማል። ትርጉሙ ግን ችግር አለበት። «ልምድ» ከ«ለመደ» የወጣ በመሆኑ በመደጋገም የተገኘ ችሎታን ያመለክታል፤ ቀጣሪ «የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ» ሲል የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። እሑድ አንድ ቀን የረር ተራራ የወጣ ሰው ልምድ አላካበተም። ያጋጠመው ነገር አለ፤ ለዚህ የሚስማማው ቃል «ገጠመኝ» ነው። ጀርመንኛም ለሁለቱ ሐሳቦች ሁለት የተለያዩ ቃላት ስላሉት ልዩነቱ የአማርኛ ብቻ አይደለም።

«ገጠመኝ» በሰዋስው ረገድም ልብ ሊባል ይገባዋል። ባለቤቱ ነገሩ ነው፤ ሰውዬው ተሳቢ ነው። ሰው ገጠመኝን አይሠራም፣ ይገጥመዋል እንጂ። እንግዲህ ገጠመኝን የሚሸጥ አዘጋጅ ያልታሰበውን አስቀድሞ የማሰናዳት ግዴታ ይወድቅበታል። የሶሺዮሎጂ ሊቁ ዲን ማካነል እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ «የተሰናዳ እውነተኛነት» ሲጽፍ የጠቆመው ይህንኑ ውጥረት ነው፦ ቱሪስቱ ከመድረኩ ጀርባ ያለውን ያልተቀባ ኑሮ ለማየት ይጓጓል፤ ጓዳው ለእንግዳ ሲከፈት ግን ራሱ ሁለተኛ መድረክ ይሆናል።

ሌላው ቃል «ጀብዱ» ነው። የዘርፉ ባለሙያዎች «የጀብዱ ቱሪዝም» ሲሉ ብዙም አያስቡበትም እንጂ፣ ቃሉ የጦርና የአደን ቃል ነው። ጀብዱ የፈጸመ ሰው ግዳይ ጥሎ ይመለሳል፣ ይፎክራል፣ ማዕረግ ያገኛል። የዛሬው ተጓዥ ግዳይ ከተራራው ጫፍ የተነሣው ፎቶግራፍ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ልዩነቱ በአደጋው ላይ ነው። ተጓዡ የሚፈልገው አደጋ የሚመስል እንጂ አደጋ የሆነ ነገር አይደለም፤ ንግዱም የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2012 በኤርታሌ አምስት የውጭ አገር ጎብኚዎች በታጣቂዎች መገደላቸው ልዩነቱ ሲጠፋ የሚሆነውን አሳይቷል።

ሰው በድካም የሚደሰትበት ምክንያት በሥነ ልቦና ጥናት በሰፊው ተዳሷል። ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ እንዳስረዳው፣ ሰው ራሱን ረስቶ በሥራው የሚመሰጠው የሥራው ክብደትና የራሱ ችሎታ ሲመጣጠኑ ነው። ዳገት ለዚህ የተመቸ ነው፦ ግቡ በዓይን ይታያል፣ እርምጃው ወዲያው ውጤቱን ይነግራል። ሊፍ ቫን ቦቨንና ቶማስ ጊሎቪች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች በገዙት ዕቃ ከሚደሰቱት ይልቅ በከፈሉበት ገጠመኝ የበለጠ እንደሚደሰቱ አመለከቱ። ይህ ግኝት በቱሪዝም ጽሑፎች ውስጥ ያለ ገደብ ሲጠቀስ ይታያል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሌላ ጥናት ውጤቱ በማኅበራዊ መደብ እንደሚለያይ አሳይቷል፦ የገጠመኝ ብልጫ ጎልቶ የሚታየው ገቢያቸውና ትምህርታቸው ከፍ ባሉት ዘንድ ነው፤ እጅ ላጠራቸው ሰዎች ዕቃም ቢያንስ የዚያኑ ያህል ደስታ ይሰጣል። ለአዲስ አበባ ጥናት የሚጠቅመው ይህ ሁለተኛው ነው። ቦሌ ላይ ገጠመኝ የሚገዛው ፍሪጅና አልጋ ያለው ሰው ነው። የየረር ባለአገር ከዚያው ተራራ ጋር ያለው ግንኙነት ደግሞ በማገዶ፣ በግጦሽና በእርሻ ነው።

ከተማው፣ ተራራውና የዘመኑ ሁኔታ

የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ከከተማው በስተ ምሥራቅ ወደ ቢሾፍቱ አቅጣጫ የሚታየው የረር ተራራ 3,100 ሜትር ገደማ ይደርሳል። የከፍታ ሕመም በአብዛኛው ከ2,500 ሜትር በላይ ሊጀምር ስለሚችል፣ ከባሕር ዳርቻ ከተማ የመጣ ጎብኚ ሰውነቱን ለማለማመድ ቀናት ያስፈልጉታል። የቦሌ ነዋሪ ግን ገና ከቤቱ ሳይወጣ የመንገዱን ትልቁን ክፍል ወጥቷል። የሚቀረው የከፍታ ልዩነት ከ800 ሜትር ያነሰ ነው። በየ1,000 ሜትሩ የሙቀት መጠን በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚቀንስም፣ ጫፉ ላይ የሚጠብቀው ብርድ ሹራብ የሚያስለብስ እንጂ የሚያስፈራ አይደለም። በሌላ አገር ፈቃድ፣ አውሮፕላንና የሳምንት ዕረፍት የሚጠይቀው እዚህ በአንድ ቀን የሚከናወን መሆኑ የተፈጥሮ ዕድል ነው።

ዕድሉ ከየረር አያበቃም። የሥነ ምድር ባለሙያዎች ከየረር ተነሥቶ ወደ ምዕራብ እስከ ወለጋው ቱሉ ወለል የሚዘልቅ የእሳተ ገሞራና የስብራት መስመር እንዳለ ይገልጻሉ። ወጨጫ፣ ደንዲና ወንጪ በዚሁ መስመር ላይ ይገኛሉ። የከተማው ተጓዦች የሚመላለሱባቸው ተራሮችና የገሞራ አፍ ሐይቆች በዘፈቀደ የተበተኑ የሚመስሉት ካርታው ላይ ይህ መስመር ካልተሠመረ ነው።

ከተማው ራሱ ደግሞ ወደዚህ ተራራ እየቀረበ መጥቷል። የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብር የመጀመሪያ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2004 የተካሄደው በቦሌ ገርጂ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰሚት፣ አያት፣ የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ ተከታተሉ፤ የለሚ ኩራ ክፍለ ከተማም በ2013 ዓ.ም. አሥራ አንደኛ ሆኖ ተዋቀረ። በእነዚህ ሰፈሮች የሕንጻው ብዛትና የአረንጓዴ ቦታው መጠን አልተመጣጠኑም። ልጅ የሚሮጥበት ሜዳ የመኪና ማቆሚያ ነው። በአንጻሩ ሰማዩ ሲጠራ ከብዙ ፎቆች በረንዳ የረር ይታያል። በየቀኑ የሚታይ ግን የማይደረስበት ነገር ፍላጎትን እንደሚያነሣሣ ለመረዳት ልዩ ጽንሰ ሐሳብ አያስፈልግም።

የዘመኑ ሁኔታም ተጨመረበት። የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ በአገር ውስጥ የታወቀው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። የተዘጋ አዳራሽ በተፈራበት በዚያ ወቅት ገላጣ ሥፍራ አዲስ ዋጋ አገኘ። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ለሕዝብ ሲከፈት ተራራ መውጣት የማገዶ ለቃሚ ሴቶችና የሯጮች ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀረ። በዚያው ዓመት ጥቅምት 24 ቀን የሰሜኑ ጦርነት ጀመረ፤ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላም በዚያው ዓመት ማብቂያ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት በመስፋፋቱ ወደ ሰሜንና ወደ ላሊበላ በመኪና መጓዝ አስተማማኝ መሆኑ ቀረ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ዱባይ ወይም ናይሮቢ ለመዝናናት መሄድ ለመካከለኛው ገቢ ባለቤት ከበደ። ሩቁ ሲዘጋና ሲወደድ ቅርቡ ተመረጠ። ስለዚህ አንዳንድ አዘጋጆች «የአገር ፍቅር መነቃቃት» የሚሉት ነገር ቢያንስ በከፊል የመንገድ መጥበብ ውጤት ነው።

ከሁሉ ቅርብ የሆነው መዳረሻ በዚሁ በከተማው ምሥራቅ፣ በየካ ኮረብታ ላይ ያለው ዋሻ ሚካኤል ነው። ከአንድ ወጥ ዐለት ተፈልፍሎ የተሠራ፣ ጣሪያው የፈረሰ፣ የባሕር ዛፍ ጥላ ያረፈበት ቤተ ክርስቲያን ነው። ላሊበላን ለማየት የአውሮፕላን ቲኬት የሚቆጥር የቦሌ ነዋሪ ይህን የማያውቅ መሆኑ በተደጋጋሚ ያስገርማል።

ከሃይኪንግ በፊት የነበረው መንገድ

የኢትዮጵያ ቱሪዝም እንደ መንግሥታዊ ዘርፍ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሪነት ነበር። «የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ» የሚለው መፈክር የእርሳቸው ነው፤ በ2008 ዓ.ም. «ምድረ ቀደምት» እስኪተካው ድረስ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አገልግሏል። የያኔው ዋና ምርት «ታሪካዊው መስመር» ነበር፦ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ አክሱም፣ ላሊበላ። እንግዳው በአውሮፕላን ይደርሳል፣ ሐውልት ያያል፣ ማብራሪያ ይሰማል፣ ይመለሳል። በፓይንና ጊልሞር አከፋፈል ይህ ተሳትፎው ያነሰ፣ በመማርና በማድነቅ የተወሰነ ጉብኝት ነው። ገዢውም በአብዛኛው የውጭ አገር ሰው ነበር።

የአገሬው ሰው ግን ቱሪስት ሳይባል ይጓዝ ነበር። መጋቢት 5 እና ጥቅምት 5 ዝቋላ አቦ፣ መስከረም 21 ግሸን ማርያም፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል፤ በእነዚህ ቀናት በእግሩ የሚሄደው ሕዝብ የትኛውም የሃይኪንግ ቡድን ሊያልመው የማይችለው ብዛት አለው። ከመስቀል በኋላ በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ በሚከበረው ኢሬቻም ጉዞው፣ ውኃውና እርጥብ ሣሩ የበዓሉ አካላት ናቸው። በእነዚህ ጉዞዎች ድካም ዋጋ አለው፤ ተሳላሚው አውቶብስ እያለ በእግሩ የሚወጣው ድካሙ ራሱ የስለቱ ክፍል ስለሆነ ነው።

የአደረጃጀቱ መመሳሰል ከዚህም ይበልጣል። በአዲስ አበባ የጉዞ ማኅበራት ወደ ገዳማት መንፈሳዊ ጉዞ ሲያዘጋጁ ማስታወቂያ ይለጥፋሉ፣ ትኬት ይሸጣሉ፣ አውቶብስ ይከራያሉ፣ መነሻ ቦታና ሰዓት ይወስናሉ፣ ምግብ ያሰናዳሉ፣ በመንገድ ላይ መዝሙር ያስዘምራሉ። የእሑዱ ሃይኪንግ ይህንኑ ቅርጽ ይዟል። ዘፈኑ መዝሙሩን ተክቷል፤ በጸበል ፈንታ የታሸገ ውኃ ይታደላል። ይህን ማለት ሁለቱን አንድ ማድረግ አይደለም። በጉዞ ማኅበሩ ዘንድ መዳረሻው ባለቤት አለው፦ ገዳም አለ፣ አበምኔት አለ፣ ሙዳየ ምጽዋት አለ። ተጓዡ ለቦታው አንድ ነገር ጥሎ እንደሚመለስ ማንም አይጠራጠርም። የሃይኪንጉ ተጓዥ የሚደርስበት ተራራ ግን ሙዳየ ምጽዋት የለውም።

ዋጋው የት ይቀራል?

ፓይንና ጊልሞር ሐሳባቸውን ለማስረዳት የተጠቀሙበት ምሳሌ ቡና ነው። ፍሬው ለገበሬው በስኒ ሲሰላ ጥቂት ሳንቲም ያስገኛል፤ ተቆልቶና ታሽጎ ሲሸጥ ይጨምራል፤ በተራ ምግብ ቤት ሲቀዳ እንደገና ያድጋል፤ በተዋበ ቤት፣ ሰው ሊቀመጥበት በሚመኘው ሥፍራ ሲቀርብ ዋጋው በብዙ እጥፍ ይንራል። ለሁለቱ ደራሲዎች ይህ የምሥራች ነው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን ምሳሌው ሌላ ትዝታ ይቀሰቅሳል፦ ዋጋው በጨመረ ቁጥር ገንዘቡ ከፍሬው ባለቤት እየራቀ ይሄዳል።

የየረር ጉዞ ከዚህ ይለያል ወይ? የክፍያው አካላት ይታዩ። የኮስተሩ ኪራይ ለከተማው ባለመኪና ይደርሳል። ቁርሱ ከከተማው ምግብ ቤት ይገዛል። አስጎብኚው፣ ፎቶግራፍ አንሺውና አዘጋጁ የከተማው ነዋሪዎች ናቸው። ክፍያው የሚገባበት የሒሳብ ቁጥርም አዲስ አበባ ነው። ከተራራው የተገኘው ነገር፣ ማለትም መንገዱ፣ ትዕይንቱ፣ ጸጥታው፣ የመንደሩ ሰላምታ፣ ሁሉም በነጻ የተወሰደ ነው። መንገዱ ደግሞ ከሰማይ አልወረደም። ከብት፣ አህያና ገበያተኛ ለዘመናት የረገጡት፣ ገበሬው ከማሳው ጥግ ቀንሶ የተወው መተላለፊያ ነው።

ሌላ መንገድ እንዳለ የሚያሳዩ ምሳሌዎች በአገር ውስጥ አሉ። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጎብኚው ከደባርቅ ሲነሣ የታጠቀ ስካውት ይመደብለታል፤ አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይ፣ በቅሎና በቅሎ ነጂ የሚያገኘውም የአካባቢው ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው በተራ ከሚሠሩበት ሥርዓት ነው። ተራው ለጎብኚው ምቾት ሳይሆን ለድርሻው ፍትሐዊነት የተሠራ በመሆኑ አንዳንድ ጎብኚ ያማርራል፤ ቅሬታው መሠረት የሌለው አይደለም፤ ጎበዙም ሰነፉም በተራው ይደርሳልና። በመቄትና በላስታ ደጋ ደግሞ «ተስፋ» በሚል ስያሜ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የተጀመረው ሥራ ከዚህ አንድ እርምጃ አልፏል። የመንደሩ ሕዝብ በገደሉ አፋፍ ላይ ጎጆዎች ሠርቶ እንግዳ ያሳድራል፣ ያበላል፣ ጓዝ በአህያ ያጓጉዛል፤ ገቢውም ለመንደሩ ይቀራል። ሥራው አዲስ ነገር ሳይፈጥር የቆየ ነገር ሥርዓት አስያዘ፤ «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ብሎ ለሚያንኳኳ መንገደኛ በር መክፈት የደገኛው ወግ ነበርና። የጸጥታው መናጋት እነዚህን መንደሮች ከእንግዳ ማራራቁ ሥርዓቱን ከሽፏል አያሰኝም። ገቢን በአንድ ምርት ላይ ማንጠልጠል ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ግን አሳይቷል።

ወንጪ የተለየ ትምህርት ይዟል። ይህ በአምቦና በወሊሶ መካከል ያለ የገሞራ አፍ ሐይቅ ለቦሌ ተጓዥ የቆየ መዳረሻ ነው። የአካባቢው ማኅበር ለረጅም ጊዜ ፈረስና መንገድ መሪ በተራ ያቀርብ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ አድርጎ መረጣት። በ«ገበታ ለሀገር» ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ለልማት ስትመረጥ የመንገድና የሎጅ መዋዕለ ንዋይ መጣ። ጥሩ መንገድ ብዙ እንግዳ ያመጣል፤ ይህ ጥቅም ነው። ነገር ግን መኪና ሐይቁ ዳር ከደረሰ ፈረሱ ምን ይሠራል? ድካም ሲቀር ገጠመኙም ይቀንሳል፤ ከድካሙ ጋር ተያይዞ የነበረው የባለፈረሱ ገቢም አብሮ ሊቀንስ ይችላል። የመሠረተ ልማትና የገጠመኝ ግንኙነት ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ አይሄድም።

በዚህ ላይ አንድ ከባድ ምሳሌ መታለፍ የለበትም። የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ቢመዘገብም ከ1996 እስከ 2017 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆይቷል። ከመዝገቡ እንዲወጣ ከተሠሩት ሥራዎች አንዱ በፓርኩ መሐል ይኖሩ የነበሩትን የግጭ መንደር ቤተሰቦች ወደ ደባርቅ ማዛወር ነበር፤ ቁጥራቸው ከ400 በላይ ነው፣ ዝውውሩም እ.ኤ.አ. በ2016 ተፈጸመ። ዋልያና ጭላዳ ግጦሽ አገኙ፤ ተጓዡም ሰው የማይታይበት ደጋ አገኘ። «ያልተነካ ተፈጥሮ» የሚባለው ምርት አንዳንድ ጊዜ በዚህ ዓይነት ዋጋ እንደሚገኝ የሃይኪንግ ማስታወቂያ አይጽፍም።

የጤፉ ወቅትና የቃሬዛው ጉዳይ

ወደ ምሥራቅ አዲስ አበባ ሲመለስ ጉዳዩ በሁለት ተጨባጭ ነገሮች ላይ ይጠነክራል። የመጀመሪያው የወቅት ግጭት ነው። ለተጓዡ ምርጡ ጊዜ ዝናቡ ካባራበት ከመስከረም መገባደጃ እስከ ኅዳር ያለው ነው፦ አደይ አበባ አለ፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ጭቃው ደርቋል። በየረር ግርጌ ከሚጀምረው፣ በጤፉ ከታወቀው የአዳአ ሜዳ አንጻር ሲታይ ግን ይህ ሰብል የቆመበት ወቅት ነው። ጤፍ በሐምሌና በነሐሴ ተዘርቶ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል። ቀጭንና ተጋዳሚ አገዳ ስላለው የተረገጠው መልሶ አይነሣም። ገበያተኛ አንድ በአንድ ተከታትሎ የሚያልፍበት የማሳ ድንበር፣ አርባ ሰው ጎን ለጎን እያወጋና ፎቶግራፍ እየተነሣ ሲያልፍበት ይሰፋል። ገበሬው ቢቆጣ ተጓዡ «እንግዳ አይወድም» ይላል፤ የመንደሩ ወጣት የማለፊያ ገንዘብ ቢጠይቅ «ዝርፊያ» ይባላል። አንድ ሰው ማሳ አጠገብ ለሚያልፍ ንግድ ክፍያ መጠየቁ በመሠረቱ ከደባርቁ ተራ የሚለየው ደረሰኝ ስለሌለው ነው።

ጥያቄው በአስተዳደር ወሰንም ይወሳሰባል። ጉዞው የሚሸጠው በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ውስጥ ነው፤ የረር ያለው በኦሮሚያ ክልል ነው። ግብር ቢከፈልም ለአንደኛው ይከፈላል፣ ተራራውን የሚጠብቀው ሌላኛው ነው። የከተማውና የዙሪያው የተቀናጀ ማስተር ፕላን ብርቱ ተቃውሞ አስነሥቶ በጥር 2008 ዓ.ም. መሰረዙ የዚህ ወሰን ጉዳይ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ያስታውሳል። የአያትና የአራብሳ ሕንጻዎች የቆሙትም በቅርብ ጊዜ እርሻ በነበረ መሬት ላይ ነው። ስለዚህ ከእነዚህ ሰፈሮች የሚነሣ ተጓዥ በገበሬው ዓይን ተራ እንግዳ ላይሆን ይችላል፤ ከተማው ከነገ ወዲያ የት እንደሚደርስ የሚያሳይ ቀዳሚ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ይህን ስጋት የአዘጋጁ መልካም ፈቃድ ብቻ አያስወግደውም።

ሁለተኛው ነገር አደጋ ነው። ሰው እግሩን ቢሰብር ወይም ቢታመም ከኮስተሩ እስከ ጫፉ ያለው መንገድ ለአምቡላንስ አይሆንም። ተጓዡን የሚያወርደው የመንደሩ ሰው፣ ቃሬዛውና በቅሎው ነው። ቃሬዛ በገጠር ሕመምተኛንና ወላድን ወደ ጤና ጣቢያ ለማድረስ ጎረቤት ተፈራርቆ የሚሸከመው ነው፤ ብዙ ቦታም ሥራው በዕድር ደንብ ይመራል፤ ያልተሸከመ ይቀጣል። የእሑዱ ተጓዥ ሳያውቀው በዚህ ደንብ ጥላ ሥር ይጓዛል፤ መዋጮ ግን አያዋጣም።

ክፍያ ይጀመር ቢባል ለማን እንደሚሰጥ መወሰን ቀላል አይደለም። ለቀበሌ ቢሰጥ ማሳው የተረገጠበት ገበሬ ላያገኘው ይችላል። ለወጣቶች ማኅበር ቢሰጥ ሽማግሌዎቹ ይቀየማሉ። ለአስጎብኚ ቅጥር ቢውል ቋንቋ የሚያውቀው ጥቂቱ ይጠቀማል። ዕድሩ ግን አባላቱን ያውቃል፣ ሒሳብ ይይዛል፣ ቃሬዛውም የእርሱ ነው። በነፍስ ወከፍ የሚከፈል አነስተኛ መዋጮ ለመንገዱ ዕድሮች ገቢ ቢደረግ፣ በጥቅምትና በኅዳር መንገዱ ከማሳ ወጥቶ በግጦሽ መሬት በኩል እንዲሆን ከእነርሱ ጋር ቢመከር፣ ይህ በአንድ የመኸር ወቅት በአንድ መንገድ ላይ ሊሞከር የሚችል ነገር ነው። ሙከራውን ለማጥናት የሚያስፈልገውም ብዙ አይደለም፦ በየእሑዱ ያለፈው ሰው ቁጥር፣ የተረገጠው ማሳ ስፋት፣ የገባው መዋጮና ዕድሩ ያዋለበት ነገር።